ያልገጠመው ነጭ መስመር

የጋራዡን ባለቤት ሰው ሁሉ ጆሮ ነው የሚለው። መኪና ገና በሩ ላይ ሳለ ከድምፁ ብቻ "ሦስተኛዋ ካንዴላ ሞታለች" ይላል፤ ተፈትቶ ሲታይ እውነትም ሞታለች። እንዲህ ሳይሳሳት ዓመታት የኖረ ሰው ታዲያ አያድርስ ነው! በእሱ ጋራዥ ጥፋት ከተገኘ የሌላ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የበያጁ ነው።

በያጁ የታናሽ እህቱ ባል ነው። ከጋራዡ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ቤቱም ሥራውም በጆሮ እጅ ነው። ሲሰድቡት ጓንቱን ከማስተካከል በቀር መልስ የማያውቅ ሰው ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ ከአባታቸው የወረሷትን አሮጌ መኪና አመጡ። ውበቷ እንዳለ ሆኖ አዲስ ሞተርና አዲስ ካምቢዮ እንዲገባላት ፈለጉ። አዲሱ ካምቢዮ ከድሮው ይረዝማል፤ ስለዚህ ከእሱ ተነስቶ ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ ማጠር ነበረበት። በያጁ ዘንጉ ለሁለት ከመፈታቱ በፊት፣ ጥርስ በጥርስ በሚገጥመው መገናኛ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነጭ ቀለም አሰመረ፤ ከዚያ አሳጥሮ በየደው። ሲያስረክብም፣

"ጋሼ፣ ስትገጥመው ሁለቱን መስመሮች አገናኛቸው። ያለዚያ ይንቀጠቀጣል" አለ።

"አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ? እኔ ዘንግ ስገጥም አንተ ጡት ትጠባ ነበር!" አለ ጆሮ። በንዴቱም መስመሩን ሳያይ ገጠመው።

መኪናዋ ሰማንያ ስትገባ ወንበሩም፣ መሪውም፣ የዳኛው ጥርስም ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና "ብየዳው ጠማማ ነው" ብሎ ፈረደ፤ ያውም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በያጁን መሳቂያ አደረገው። "አልጋ ቢበይድ እኮ የተኛበት ሰው ያቅለሸልሸዋል!" ይላል። "የእህቴንም ትዳር እንዲሁ ነው የበየደው!" ሠራተኛው ይስቃል፤ ምን ያድርግ፣ ጌታው ሲቀልድ ነው። በያጁ ጓንቱን ያስተካክልና "በጠመኔ ይፈተሽ ጋሼ" ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጆሮ ብቻውን መኪናዋ ሥር ገባ። ግሪሱን በጨርቅ ሲጠርግ ነጩ መስመር ብቅ አለ። ከወዲያኛው ጋር በሁለት ጥርስ ተራርቋል። ጥፋቱ የራሱ ነበር። ደግነቱ ማንም አላየም፤ ሁለት ጥርስ መልሶ "በሌላ ሰው አስበየድኩት" ካለ አለቀ። መፍቻውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ የዳኛውን ከዘራ ኳኳታ ሰማ።

"ብየዳው ነው ካልክ አሳየኝ" አሉ ዳኛው። "እኔ ያለ ማስረጃ በሰው ላይ ፈርጄ አላውቅም።"

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ግን ሦስት ቀን ያሳቃቸው ሠራተኞች ዳኛውን ተከትለው ገብተው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ዛሬ ሊስቁ የሚችሉት በእሱ ነው። ከዚህስ ሞት ይሻላል አለ በልቡ፤ የሌላ ሰው ሞት ማለቱ ነው።

"ና አንተ!" ብሎ በያጁን ጠራ። "ጠመኔ አይደል ያልከው? የበየድከው አንተ ነህ፣ ሥሩ የምትተኛውም አንተ ነህ። ጠማማ ከሆነ ዛሬውኑ ጓዝህን ጠቅልለህ ትወጣለህ።"

መኪናዋ ድጋፍ ላይ ቆማለች፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ናቸው። በያጁ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ጆሮ መሪው ጋ ተቀምጦ ማርሽ አስገባና ሰማንያ አደረሳት። ከሥር ያለው ሰው ጠመኔውን ወደሚሽከረከረው ዘንግ ያስጠጋል፤ ዘንጉ ጠማማ ከሆነ ጠመኔው አንድ ጎኑን ብቻ ይነካል፣ ቀጥ ያለ ከሆነ ዙሪያውን እኩል ያሰምራል።

ሞተሩ ሲጠፋ በያጁ እንደ ልጅ ጮኸ። "እኩል ነው! ክቡር ዳኛ፣ ዝቅ ብለው ይዩልኝ!"

ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። "እውነትም እኩል ነው።"

"እጁ ተንቀጥቅጦ ነው" አለ ጆሮ። "ይደገም! መቶ ላይ!"

መቶ ላይም እኩል ሆነ። ጆሮ ሞተሩን አጠፋ፤ ማርሹን ግን አላወጣም። ያኔ ከብረቱ ሥር የበያጁ ድምፅ ታፍኖ መጣ። ሌላው ሰው ማጉረምረም ብቻ ነው የተሰማው። ጆሮ ግን ቃል በቃል ሰማው።

"ጋሼ! አገኘሁት! ብየዳው አይደለም፣ እዚህ ጋ ነጩ መስመር..."

ዳኛው "ምን አለ?" ብለው ማጎንበስ ጀመሩ። ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም ብሎ ጆሮ በኋላ ራሱን ያጽናናል፤ ውሸቱን ነው፣ ነበረው። ድምፁን ለማፈን ቁልፉን አዞረ።

በያጁ መስመሩን በጣቱ እየነካ ነበር።

ሁለት ጣት ሄደ። ያውም የቀኝ እጅ፣ መበየጃውን የሚይዝበት። "ማርሹ የወጣ መስሎኝ ነው" አለ ጆሮ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ሁሉም አመነው። ሰው ሁሉ ሆስፒታል ሲሮጥ እሱ ወደኋላ ቀርቶ ዘንጉን ፈታ፣ ሁለት ጥርስ መልሶ ገጠመ፣ ነጩን ቀለም በቤንዚን አጠበ።

በማግስቱ ዳኛው መኪናቸውን ሊወስዱ መጥተው "ሆስፒታል ላድርሳችሁ" አሉ። ጆሮ ከፊት፣ እህቱ ሾርባ ይዛ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናዋ ሰማንያ ገባች፣ ዘጠና ገባች፤ ሾርባው እንኳ አልተነቃነቀም።

"ምን ነበር ታዲያ?" አሉ ዳኛው።

"ብየዳው ነዋ! በሌላ ሰው አስበየድኩት።"

"ጋሼ" አለች እህቱ። "መልእክት ልኮልሃል። እጁ እንደዚያ ሆኖ የሚጨነቀው ለመኪናዋ ነው። 'ነጩ መስመር በሁለት ጥርስ ተራርቋል፣ ንገሪው። ስጮህ ሞተሩ ስለተነሳ ጋሼ አልሰማኝም' አለኝ።"

ዳኛው መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ። ወረዱ፣ እንደምንም ተንበርክከው የስልካቸውን መብራት ከሥር አበሩ። ሲነሱ ጉልበታቸውን እያራገፉ በመስኮቱ በኩል ጆሮን አዩት።

"ብየዳው ያው ነው" አሉ። "የትናንቱ ጠመኔ እንኳ አልጠፋም። መልእክቱ ሳይደርስህ መስመሩን ያስተካከልከው ታዲያ ከማን ሰምተህ ነው?"

እህቱ ሾርባውን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"እሱ እንዳልሰማኸው ነው የሚያምነው" አለች። "አሁን ገብቼ ምን ልበለው?"