ፓምፑን ውሻ አልሰበረውም

ወጣቱ እረኛ ክሌም ከጠዋት ጀምሮ ከጭቃ ጋር ሲታገል ነው የዋለው። የሩቁ ኩሬ ደርቆ ማጥ ብቻ ቀርቶታል፤ የተጠሙት በጎች ግን ውሃ ያለ መስሏቸው እየተጋፉ ገብተው ሰምጠዋል። እሱም እስከ ወገቡ ገብቶ አንድ በአንድ እየጎተተ ያወጣል። ሳይደርስላቸው የቀሩትን በጎች ቁራዎች ቀድመውት ዓይናቸውን አውጥተዋል። ውሻው ፍሊንት የተረፉትን እየከበበ ከኩሬው ያርቅለታል።

ይህ ሁሉ የመጣው በነፋስ የሚሠራው የውሃ ፓምፕ ተሰብሮ የበጎቹ መጠጫ ገንዳ ስለደረቀ ነው። ፓምፑን እንዲጠብቅ የታዘዘው የአለቃው የእህት ልጅ ሊንዚ ነበር። ሊንዚ ግን የፈረስ እሽቅድምድም ሊያይ ከተማ ወርዶ እዚያው ሰነበተ። ይህን በበግ እርባታው ግቢ የማያውቅ የለም።

ክሌም ጭቃው ላዩ ላይ እንደደረቀ ወደ በግ ፀጉር መሸለቻው አዳራሽ ሲመለስ ሸላቾቹ ሻይ ይጠጣሉ። አለቃው ሃርግሬቭ ጠመንጃ ይዞ በሩ ላይ ጠበቀው። ሊንዚ ከኋላው አቀርቅሮ ቆሟል።

«በጎቼን ጨረስካቸው አይደል?»

«እኔ? እኔ እኮ ሳወጣ ነው የዋልኩት!»

«ዝም በል! ይሄ ቀዥቃዣ ውሻህ ነው እያዋከበ ጭቃ ውስጥ የከተታቸው። ሊንዚ በዓይኑ አይቷል።»

የክሌም ደም ፈላ። «መቼ ነው ያየኸው?» አለው ሊንዚን። «ከተማ ሆነህ በመነጽር ነው?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። አለቃው ይበልጥ ተቆጣ። «ውሻውን ልቀቅና ዞር በል» አለ ጠመንጃውን እያቀባበለ።

ክሌም ተንበርክኮ ፍሊንትን አቀፈው። «አልዞርም! ፓምፑን ውሻ አልሰበረውም። ከፈለጉ መጀመሪያ እኔን ይምቱ!»

የሸላቾቹ አንጋፋ ቱሊ የሻይ ጣሳውን አስቀምጦ ወጣ። «ስማ ሃርግሬቭ፣ ያ ጥይት ከተተኮሰ እዚህ ግቢ አንድ በግ አይሸለትም። ጓዛችንን ጠቅልለን ነው የምንሄደው።»

«አንተን አይመለከትህም!»

«የልጁን ልብስ እየው። ከዚያ የእህትህን ልጅ ልብስ እየው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ሌሎቹም ተራ በተራ እየወጡ ከቱሊ ጎን ቆሙ። ሃርግሬቭ አያቸው፤ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና «በሉ ወደ ሥራ!» ብሎ ሄደ።

ማታ እራት ላይ ሃርግሬቭ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለሊንዚ ከበግ ሥጋው መርጦ ቆረጠለት። ወደ ክሌም ሳይዞር «ነገ ፓምፑን ትጠግናለህ» አለ።

«ይቅርታስ?»

«የምን ይቅርታ?»

«በሰው ፊት ዋሾ አድርገውኛል። ውሻዬን ሊገድሉት ነበር።»

«ሥራ ሰጥቼሃለሁ አይደል? አመስግነህ ብላ!»

ክሌም ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

በማግስቱ የፖስታ መኪናው ሲመጣ ክሌም ጓዙን ይዞ ሊሳፈር ሲል ቱሊ ትከሻውን ያዘው። «ቆይ እንጂ አንተ ልጅ፣ አሸንፈሃል እኮ!»

«ምኑን ነው ያሸነፍኩት? እሱ እንደሆነ አሁንም እዚያው ተቀምጧል!»

ሊንዚ በረንዳው ላይ እግሩን አነባብሮ ቁርሱን ይበላል። መኪናው ሲነሣ ሹካውን ከፍ አድርጎ ተሰናበተው። ክሌም ፍሊንትን ወደ ደረቱ ሳበና አፉ ውስጥ የገባውን አቧራ በመስኮቱ እንትፍ አለ።