ለወፍ የተሰቀለ እህል

ጡረታ የወጡት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ስለሚመለስ ቀኑን የሚያሳልፉት ከምራታቸው ጋር ነበር። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ትሠራለች። እንዳያስቸግሯት እሳቸው ዝም፣ እንዳታሰለቻቸው እሷም ዝም።

አንድ ቀን ሽማግሌው ከቁርጥራጭ ጣውላ የእህል ሳጥን ሠርተው ደጅ ካለው ዛፍ ላይ በሽቦ አንጠለጠሉ። ወፎች መጡ። የሽማግሌው ፊት ፈካ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጅራቱ ከራሱ የሚገዝፍ ሽኮኮ በሽቦው ወርዶ እህሉ ላይ ተዘፈዘፈ።

«አየሽው ይሄን ዓይኑን በጨው የታጠበ!» አሉ። «እኔ ለወፍ እንጂ ለእሱ አልደገስኩም!»

ሽቦውን ዘይት ቀቡት፤ ከቅርንጫፍ ዘለለ። ሳጥኑን ከቅርንጫፉ አራቁት፤ ከግድግዳው ዘለለ። በመጨረሻ ከቆርቆሮ ሰፊ ክዳን ቆርጠው ከሳጥኑ በላይ ገጠሙ። ሽኮኮው ቆርቆሮው ላይ ተንሸራተተና መሬት ላይ ዱብ አለ። ሳጥኑን ቀና ብሎ አየና ሄደ። በማግስቱም አልመጣ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ምራታቸው መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች፣ «አባባ፣ እርግቦቹም እኮ ቀሩ» አለች።

«የትኞቹ እርግቦች?»

«ከታች የሚለቅሙት። ሳጥኑ ላይ መቆም አይችሉም፤ ሽኮኮው የሚበትነውን ነበር የሚበሉት።»

ሽማግሌው በመስኮቱ አጎንብሰው አዩ። ከዛፉ ሥር አንድም ወፍ የለም።

«ለካ አንቺም ታዪያቸው ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እንዳልረብሽዎት ብዬ ነዋ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እኔም እኮ እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት!»

ወንበር አወጡ፤ እሷ ደግፋ ያዘችላቸው፤ ቆርቆሮውን ፈቱት። ሽኮኮው ግን ወዲያው አልመጣም። «ሲወድቅ ተጎድቶ ይሆን እንዴ?» እያሉ ሽማግሌው ደጋግመው ወደ ደጅ ያያሉ። ምግብም አልበላ አላቸው።

አንድ ጠዋት መጣ። ግድግዳው ላይ ቆሞ ብዙ አመነታ፤ ከዚያ ዘለለ። እህሉ ወደ መሬት ረገፈ።

«ቀስ በል እንጂ፣ የሚነጥቅህ የለም!» አሉት ሽማግሌው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለቤቴም ስበላ እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አሉ።

ሽማግሌው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ስለ እሳቸው አንስተው አያውቁም ነበር። ምራታቸው መኪናዋን አቆመችና ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች።

«እስቲ ይንገሩኝ» አለች።