የሻምበል ገመድ

"አትንኪው አልኩሽ! ገመዱን ከአንገቱ አውጪለት!" አለ ጫማ ሠሪው፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ከአልጋው ለመነሣት እየታገለ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሰውነቱ ስላለቀ ቀበቶው አልይዘው ብሏል። የሰው ቀበቶ ሲበሳ የኖረ ሰው የራሱን የሚበሳበት ጊዜ አላገኘም።

ሚስቱ ግን ቋጠሮውን አጠበቀች። ሻምበል የሚሉት አሮጌው ውሻቸው ለሽርሽር የሚሄድ መስሎት ጭራውን ይቆላል።

"አንተ አርፈህ ተኛ። የጡብ ፋብሪካው ዘበኛ እወስደዋለሁ ብሏል። ያ ባክቴሪያ የመጣብህ ከዚህ ውሻ ነው፤ ጎረቤታችን ነግራኛለች። በየጠዋቱ አንድ ዳቦ እየተካፈላችሁ ስትበሉ ስንት ጊዜ ተው አልኩህ?"

"ጎረቤታችን ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነችው?"

"አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሰማኸው?"

እውነቷን ነው። ሆዱን ሲያቃጥለው ቃር ነው እያለ፣ ወገቡን ሲያመው በባዶ ሆዱ ማስታገሻ እየዋጠ ዓመታት አሳልፏል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር እንኳ የበላሁት ነገር ይሆናል ብሎ አለፈው። በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ ደም አስታውኮ ወደቀ። ሻምበል በር ላይ ቆሞ ያለማቋረጥ ባይጮህ፣ የጫማ ማሰሪያ ሊገዛ ወደ ማዶ የተሻገረው የሥራ ባልደረባው ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ በጀርባው ባያዝለው ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ውሻ የሚከራከራት ባል አይኖርም ነበር። ሐኪሞቹ ጨጓራውን በመሣሪያ አይተው፣ ሄሊኮባክተር የሚባል ባክቴሪያ እዚያ ጎጆ ቀልሶ እንዳቆሰለው፣ ማስታገሻውም ቁስሉን እንዳባሰው ነገሩት። መድኃኒቱን ሲውጥ በየቀኑ አምላኩን ያመሰግናል፤ ከአምላኩ ቀጥሎ ደግሞ ውሻውንና ባልደረባውን።

ሚስቱም ክፉ ሆና አይደለም። እሱ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ከአልጋው ሥር ያልተነሣች ሴት ናት። ባሏን ሊነጥቃት የነበረውን ነገር ከቤቷ ብታስወጣ እፎይ የምትል መስሏት ነው።

በዚህ መሐል ጫማ ሠሪው በስልክ ድረሽልኝ ብሎ የለመናት የሚስቱ ታናሽ እህት፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ የበረት ጭቃ ያለበት ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ ገባች።

"ጋሼ፣ ድምፅዎን ስሰማ ምን ሆኑ ብዬ ነው የማክማትን ላም ትቼ የሮጥኩት!"

"እኔ ደህና ነኝ፤ ይኸው እሱን ልታባርርብኝ ነው።"

ሐኪሟ ቁጢጥ ብላ የሻምበልን አፍ ከፈት አድርጋ አየች፤ ጆሮውንም ደባበሰችው። "እትዬ፣ ውሻም ድመትም የራሳቸው የሄሊኮባክተር ዓይነት አላቸው። አብዛኞቹ እንዳላቸውም ሳያውቁ ይኖራሉ። ከነሱ ወደ ሰው የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ጋሼን ያቆሰለው ግን የሰው ዓይነቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተላለፈውም ከሰው ነው፤ በምራቅ፣ በትውከት፣ ባልታጠበ እጅ። ምናልባትም በልጅነታቸው ይዟቸው ይሆናል።"

"እና ዳቦውን ከውሻ ጋር ይብላ እያልሽኝ ነው?"

"እሱንስ አላልኩም። ሻምበል የራሱ ሳህን ይኑረው።"

ገና ሳይግባቡ ሬዲዮ ገባ። ሬዲዮ ያሉት ከነጋ እስኪመሽ ስለማይዘጋ ነው፤ ጫማ ሠሪውን በጀርባው ያዘለው ባልደረባ እሱ ነው። በሽተኛው ተሰላችቷል ብሎ መዶሻውን፣ አንድ ጫማና የሚስማር ቆርቆሮውን ይዞ መጥቷል። ስለ ትራፊኩ፣ ስለ ቆዳ ዋጋ፣ ስለ ደንበኞቻቸው እያወራ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከቆርቆሮው ጭብጥ አድርጎ ሚስማሮቹን አፉ ውስጥ ጨመረ፤ ከከንፈሩ አንድ በአንድ እያወጣ ሶሉ ላይ መታቸው፤ የተረፉትን መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ተፋ። ሥራ የናፈቀው ጫማ ሠሪም እጁን ሰደደና ከዚያው ቆርቆሮ ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ጋሼ! ይትፉት!" ብላ ጮኸች ሐኪሟ።

ደንግጦ ተፋው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት?"

"ከተጣመርንበት ቀን ጀምሮ!" አለ ሬዲዮ በኩራት። "ከአንድ ቆርቆሮ ነው የምንበላው!"

ሚስትየው ቆርቆሮውን አየች፤ ቀጥላም ውሻውን አየች። ፊቷ ቀላ።

"በዚህ ነው የመጣው ብዬ አልምልም" አለች ሐኪሟ። "ግን ከእንግዲህ ሁለታችሁም ሚስማር አፋችሁ ውስጥ እንዳትከቱ። እርስዎስ፣ ሆድዎን አያምዎትም?" ብላ ሬዲዮን ጠየቀችው።

"እኔ? ድንጋይ ብበላ እፈጫለሁ። ትንሽ ያቃጥለኛል፤ እሱንም በማስታገሻ ቀጥ አደርገዋለሁ።"

"ሰገራዎስ? ጠቁሯል?"

ሬዲዮ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ከሰሞኑ እንደ ሬንጅ ሆኗል" አለ፣ ጓደኛውን ሳያይ። "ገና ከአልጋ ሳትነሣ ላስጨንቅህ አልፈለግኩም።"

ሬዲዮ መርፌ በጣም የሚፈራ ሰው ነው። ጫማ ሠሪው በወደቀበት ቀን ግን ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ደም ሰጥቶለታል፤ ነርሷ ናት በኋላ እየሳቀች የነገረችው።

"አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት" አለች ሐኪሟ። "ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። መኪናዬ ደጅ ናት።"

"መርፌ አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ነገ..."

"ነገ የለም!" ጫማ ሠሪው ብድግ አለ፤ ሱሪው ሊወርድ ሲል ለጥቂት ያዘው። "ተነሥ፣ አብሬህ ነው የምሄደው።"

"አንተ ደግሞ የት?" አለች ሚስቱ። "ቆመህ መሄድ እንኳ መች ቻልክና!"

"እሱ ደም ሲሰጥልኝ እጁን የያዘለት ሰው አልነበረም። ዛሬ እኔ እይዝለታለሁ።"

ሚስቱ ጎንበስ ብላ የሻምበልን ገመድ ከአንገቱ ፈታች። ከዚያም ወደ ባሏ ቀርባ ገመዱን በሱሪው የቀበቶ ማስገቢያዎች አሾልካ ወገቡ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት።

"በሉ ሂዱ" አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። "ዘበኛውን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ እለዋለሁ።"

ጫማ ሠሪው የሬዲዮን እጅ ያዘ። ሻምበልም ያለ ገመድ እስከ መኪናው ተከተላቸው።