ቆዳዋ ቀይ ነው ወይ?

ስልኩ ሲጮኽ እማዋይሽ በረንዳው ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር። ቁጥሩን አየችው፤ አታውቀውም። አንዱ «ሽልማት ደርሶሻል»፣ ሌላው «ከባንክ ነው» እያለ ልቧን ካወለቃት ወዲህ የማታውቀውን ቁጥር ማንሳት ትታለች። ይሄኛው ግን አልተው አላትና አነሳችው።

«ሃሎ፣ የትሩፋት እናት ነዎት?»

«ማን ልበል?»

«ሲስተር አያንቱ እባላለሁ፣ ከሆስፒታል ነው። ልጅቷን ይዘው ከሚንገላቱ ብለን አሁን ታካሚዎቻችንን በስልክ መከታተል ጀምረናል።»

«ሲስተር ሜሪስ?»

«ሌላ ክፍል ተዛውራለች። አሁን እኔ ነኝ።»

እማዋይሽ ፊቷ ጠቆረ። ሲስተር ሜሪን ታውቃታለች፤ ትሩፋት አንጀቷ ተጠላልፎ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት አልጋዋ አጠገብ የነበረችው እሷ ናት። ሐኪሞቹ የአንጀቷን ጫፍ ሆዷ ላይ አውጥተው፣ ሰገራው በዚያ በኩል ከረጢት ውስጥ እንዲገባ አድርገዋል። ስቶማ ይሉታል። ጊዜው ሲደርስ መልሰው ይዘጉታል። ከረጢቱን እንዴት እንደምትለጥፍ ለእማዋይሽ ያሳየቻት ሲስተር ሜሪ ነበረች። ይህቺን ግን ማን አየ?

ከታች የጀሞ ታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ይጮኻሉ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«ቆዳዋ እንዴት ነው? ቀይ ነው?» አለች ሴትየዋ።

«አይ፣ ጠይም ናት። አባቷን ነው የወጣችው።»

«አይደለም አሉኝ? ጥሩ፣ እሱ በጣም ጥሩ ነው። ለማንኛውም የሆዷን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ…»

ስልኩ ተቋረጠ።

እማዋይሽ እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፈች ቀረች። የሰው ልጅ ጠይም መሆኗ ምኑ ነው በጣም ጥሩ? ጥሩነቱስ ለማን ነው? ደግሞ የሆዷን ፎቶ!

ነገሩን ውጣ መቀመጥ አልሆነላትም። ቲማቲም ልትገዛ በሚል ሰበብ ሕንጻው ሥር ጉሊት ወደምትቸረችረው ወደ ቡዜ ወረደች። ትሩፋት ሆዷ ላይ ከረጢት እንዳለ ቡዜም ሆነች ሌላ ጎረቤት አያውቅም፤ ልጅቷ እናቷን አስምላታለች። ስለዚህ እማዋይሽ የወሬውን ጫፍ ብቻ ቆርሳ ሰጠቻት።

«አንዲት ሴት ደውላ የትሩፋትን መልክ ጠየቀችኝ። ቀይ ናት ወይ አለችኝ።»

ቡዜ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ምን አልሻት?»

«ጠይም ናት አልኳት። ጥሩ አለች።»

«አበስኩ ገበርኩ! ደላላ ናታ! ዐረብ አገር የምትልክ ደላላ ናት እንጂ ማን የሰው ልጅ መልክ ይጠይቃል? ቀጥላ ፎቶ ላኪ ትልሻለች፣ ቆይ ብቻ።»

እማዋይሽ ያነሳችውን ቲማቲም መልሳ አስቀመጠች። ፎቶማ ተጠይቃለች።

«ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ? ላክሽ እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ቲማቲሙን መዝኚልኝ ባክሽ፣ የፈረጠውን አታድርጊብኝ።»

ቤት ስትገባ ትሩፋት በጎኗ ተጋድማለች። መጀመሪያ ላይ ከረጢቱ ደህና ይለጠፍ ነበር። ኋላ ግን በስቶማው ዙሪያ ያለው ቆዳ እየተላጠ ውሃ ማዠት ያዘ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ደግሞ የሚለጠፍ ነገር የለም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ፈሰሰባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፣ መምህሩም በዚሁ ከቀጠለች ዓመቱን ትደግማለች ብለዋል። እማዋይሽ ራሷ ፊደል የቆጠረችው ባለፈው ዓመት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ልጇ አንድ ዓመት ወደኋላ ትቀራለች ሲባል የገዛ አካሏ የተቆረጠ ያህል ነው የሚያማት።

«እማ፣ ማነው የደወለው?»

«ማንም።»

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጢው አለ። መልእክት ነው። እማዋይሽ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ በጣቷም ፊደል በፊደል ተከተለችው። «እናት የ-ቆ-ዳ-ው-ን ፎቶ እየጠበቅሁ ነው። በቀን ብርሃን ያንሱት። ፊቷ እንዳይታይ።»

ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብላ እንደገና አነበበችው። አልተሳሳተችም። ማንበብ የቻለችበትን ቀን ረገመች። ፊቷ እንዳይታይ! ንጹሕ ሰው ፊት ምን ያደርገዋል ብሎ ይፈራል? ባለፈው ክረምት የአንዲት ጎረቤት ልጅ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ ቤተሰቡ በኀፍረት ሰፈር ለቆ ሀና ማርያም ገብቷል። እሱም የተጀመረው «ላኪልኝ» በሚል ቃል ነበር።

ከመታጠቢያ ቤቱ ስትወጣ ትሩፋት በሩ ላይ ቆማለች። ስልኩን ከእጇ ወስዳ አነበበችው፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ነርስ ናት እኮ፣ ሌላ ማን ስለ ቆዳዬ ይጠይቃል! ለምን አትልኪላትም?»

«ነርስ መሆኗን በምን አወቅሽ? ደላላ ብትሆንስ?»

«ደላላ ሰገራ የሚወጣበት ሆድ ምን ያደርግላታል?»

«አፍሽን ያዢ! መልክሽን ጠይቃኛለች እኮ። ቀይ ናት ወይ ብላኛለች።»

ትሩፋት መሳቅ አልቻለችም፣ ስትስቅ ሆዷን ይለበልባታል። «እማ፣ ያቃጥለኛል። በርበሬ የነሰነሱብኝ ነው የሚመስለኝ። ካላመንሻት ደውይላትና አፋጥጫት። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ መቀመጥ አልችልም።»

እማዋይሽ ደወለች። «መጀመሪያ ፊትሽን አሳዪኝ» አለች፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

ቪዲዮው ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት ናት፤ ከኋላዋ ሰው የተኮለኮለበት አግዳሚ ይታያል። ነጭ ጋዋንማ ማንም ገዝቶ ይለብሳል አለች እማዋይሽ በሆዷ።

«የልጄን መልክ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«መልኳን? እኔ?»

«ቀይ ናት ወይ አላልሽኝም? ጠይም ናት ብዬ ስመልስልሽ ደግሞ ጥሩ ነው አላልሽም?»

ሴትየዋ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ወይኔ ጉዴ! እናት፣ እኔ የጠየቅሁት በስቶማው ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀልቷል ወይ፣ ተቆጥቷል ወይ ለማለት ነው። እርስዎ አይ ሲሉኝ ቆዳዋ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ጠይም ማለትዎን አልሰማሁም፣ ጫጫታ ነበር።» ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተኮሳተረ። «ለመሆኑ ደህና ነው?»

«ምን ደህና ይሆናል፣ ተልጧል እንጂ!»

«ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲጀመርም አጠያየቄ ልክ አልነበረም። በጠይም ገላ ላይ የተቆጣ ቆዳ አይቀላም፤ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ለዚህ ነው ፎቶውን የፈለግሁት። ፊቷ እንዳይታይ ያልኩትም ማንም ቢያየው የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ነው።»

እማዋይሽ የሴትየዋን ቃል በልቧ መዘነችው። ያለችው ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ችግሩ አታላይም የሚናገረው ሊሆን የሚችለውን መሆኑ ነው።

«እማ፣ ሆዱ የእኔ ነው» አለች ትሩፋት፣ ቀሚሷን ሰብስባ መስኮቱ ሥር እየተጋደመች። «አንሺኝ።»

እማዋይሽ ልጇን በነጠላ ላይም ታችም ሸፈነቻት፤ ስቶማውና ዙሪያው ብቻ ቀረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል እንኳ እንዳይገባ ስልኩን አዘቅዝቃ አነሳችና ላከችው።

ሲስተር አያንቱ ብዙ ሳትቆይ ደወለች።

«እናት፣ ስቶማው የሚገባበትን የከረጢቱን ቀዳዳ በምን ልክ ነው የሚቆርጡት?»

«ሲስተር ሜሪ ልክ አውጥታ በሰጠችኝ ካርቶን ነዋ! አንድም ቀን ከልኩ ፈቀቅ አላልኩም።» ይህንን የተናገረችው በኩራት ነበር። ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው።

«ልኩ መቼ ነው የወጣው?»

«ከሆስፒታል ስንወጣ።»

«ያኔ ስቶማው አብጦ ነበር። እብጠቱ ሲጎድል እያነሰ ይሄዳል። ቀዳዳው ግን ያው ነው፤ ሰፍቶባታል። ካርቶኑን ይጣሉትና ጠበብ አድርገው ይቁረጡ።»

ይኸው! የሐኪም ልክ ጣዪ የምትል ነርስ! እማዋይሽ ስልኩን አስቀመጠች። ካርቶኑን ከፌስታሉ አወጣችና በልጇ ሆድ ላይ አኖረችው። በቀዳዳው ጠርዝና በስቶማው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ አለ። የጠቆረው፣ የተላጠው፣ ውሃ የሚያዠው ቆዳ ደግሞ ልክ እዚያ ክፍት ውስጥ ነው፤ ከካርቶኑ ሥር ያለው ደህና ነው። ሰገራው በየቀኑ ያን ገላ ሲበላው የኖረው በዚህ በኩል ነው። የከፈተችለትም እሷ ናት፣ በገዛ መቀሷ፣ ከልኩ ፈቀቅ ሳትል።

«አየሽው?» አለች ትሩፋት።

«አየሁት» አለች እናቷ፣ ካርቶኑን አጣጥፋ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረች። «በምን ያህል ነው የማጠብበው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ቃሉን አትለዋውጪብኝ።»

ነርሷ ቀስ ብላ ነገረቻት፤ በለብታ ውሃ አጥባ በደንብ እንድታደርቅ፣ ከሆስፒታል የተሰጠውን ዱቄት የተላጠው ላይ ነስንሳ ትርፉን እንድታራግፍ፣ ቀዳዳውን ከስቶማው ጥቂት ብቻ አስፍታ እንድትቆርጥ። «የተለጠፈው ቶሎ ከተነሳ ወይም ደም ካየሽ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ነይ» አለች፤ አንቺ ማለቷን ሁለቱም ልብ አላሉትም። እማዋይሽ እያንዳንዱን ነገር መልሳ ጠየቀቻት። ሁለት ጊዜ የጠየቀችውም አለ፣ መልሱ ይለያይ እንደሆነ ብላ። አልተለያየም።

ቆዳው መድረቅ ሲጀምርና ከረጢቱም ሲጸናላት ትሩፋት ዩኒፎርሟን ለበሰች። እማዋይሽ ደረጃው ላይ ቆማ አረማመዷን ሰለለች። ከዚያ ቤት ገብታ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ከትምህርት ቤት «ነይና ልጅሽን ውሰጂ» እስኪሏት እየጠበቀች። አንዴም አልጠራም፤ እንዲያውም ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ጠረጠረችው።

ትሩፋት የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሳ መጣች። ቦርሳዋን ጣል አድርጋ ድስቱን ከፈተች።

«ፈሰሰ እንዴ?» አለቻት እናቷ፣ ከላይ እስከ ታች እያየቻት።

«ምኑ?» አለች ትሩፋት፣ አፏን በእንጀራ እንደሞላች።