የተዋጠ ማሻአላህ

ሙንዚር የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ወገቡን ሲያነሣ፣ ምንጣፉ ላይ ልጆቻቸውን ታቅፈው የተቀመጡት እናቶች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩት። ኳሷ አግዳሚው ላይ ነበረች። የልጆቹ አጫዋች ቡዜ ሆን ብላ፣ እጁ ሊደርስባት ትንሽ ሲቀረው አስቀምጣታለች። ጉልበቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ ተቃኑ። ከተወለደ ጀምሮ እግሩ አልጸና ብሎት የኖረው ልጅ ቆመ፤ ኳሷንም ያዛት።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ተባባሉ ሴቶቹ።

ከእናቶቹ አንዷ ራሂማ ግን «አቤት እግሩ ሲያምር!» አለች እንጂ ማሻአላህን አላስከተለችም።

ሴቶቹ ተያዩ። ቡዜ አልገባትም፤ ማጨብጨቧን ቀጠለች። የገባት የልጁ እናት ዙበይዳ ናት። ሻሿን ከትከሻዋ ስባ የልጇን እግር ሸፈነች፤ ቀጥላም ከነኳሷ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልጅን አድንቆ ማሻአላህ ሳይሉ መቅረት ክፉ ዓይንን መልቀቅ ነው፤ ይህን ለወሎ እናት ማንም መንገር አያስፈልገውም።

ቃሉ የራሂማ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። አልረሳችውም፤ ዋጠችው።

እንዴትስ ትበለው? ሆጤ ሰፈር ወዳለው ወደዚህ የመጫወቻ ግቢ ዙበይዳን ያመጣቻት እሷ ናት። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ፣ ዙበይዳ ልጇን ከሰው ደብቃ በር ዘግታ ነበር የምትውለው። «ተነሽ፣ እንደኛ ያሉ ብዙ ናቸው» ብላ እጇን ይዛ ያወጣቻት ራሂማ ናት። ከፋብሪካ ፈረቃዋ ስትመለስ እንቅልፏን ትታ ከልጇ ከሳሊሃ ጋር መሬት ላይ የምትንከባለለው፣ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጠጠር ከትታ እያንኳኳች ቡዜ ያሳየቻትን ጨዋታ አንድ ሳታስቀር የምትደግመውም እሷው ናት። ዙበይዳ ግማሹን ትረሳዋለች። ይኸው የዙበይዳ ልጅ ቆመ፤ ሳሊሃ ዛሬም ትራስ ካልደገፋት አትቀመጥም። ቡዜ «የአንዱ ልጅ ችግር ከሌላው ይለያል፣ እትዬ ራሂማ፤ የሳሊሃን ከሙንዚር ጋር አታስተያዪው» ብላ ደጋግማ ነግራታለች። ራሂማም ገብቷታል። ገብቷትም አንጀቷ ይቃጠላል።

«ሙንዚር፣ ኳሷን ወዲህ በላት!» ብላ ጮኸች ሳሊሃ ከትራሷ ላይ።

ሁልጊዜ ፊት ለፊት ሆነው ኳስ ያንከባልላሉ። ሙንዚር አፉን ገና ባይፈታም፣ እሷ ስትስቅ አብሯት ይንፈቀፈቃል። ሰፈር ውስጥ ከሳሊሃ ጋር የሚጫወት ሌላ ልጅ የለም። አሁንም ልጁ ወደሷ ሲንጠራራ ዙበይዳ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ደክሞታል» አለች፣ ራሂማን ሳታያት።

ራሂማ ያኔ ደነገጠች። ልጇ ያላትን አንድ ጓደኛ በገዛ አፏ ልታሳጣት ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ እንደወትሮው ጎን ለጎን አልተቀመጡም። ዙበይዳ ከኋላ ወንበር ሄደች። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ራሂማ ዞራ ልታያት ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አላት። ልትቆጣም ሞከረች። ከቤት ያወጣኋት እኔ አይደለሁ እንዴ? አለች በልቧ። ቁጣው ግን ብዙም አልሄደላትም፤ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ በረደ።

መናኸሪያው ደጃፍ ሲወርዱ ዙበይዳ ሙንዚርን ዝቅ ያለ የግንብ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ አንቀልባዋን ታስተካክል ጀመር። ራሂማ ሳሊሃን እንዳዘለች ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

«እትዬ ራሂማ፣ ረስቼው ነው በይኝ» አለች ዙበይዳ ቀና ሳትል። «ወላሂ፣ ረሳሁት ካልሽኝ አምንሻለሁ።»

ራሂማን አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ተዘጋጅታ የቀረበችላት ቃል ግን አልወጣ አለቻት።

«አልረሳሁትም። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት። ቀናሁ፣ ዙበይዳ፤ በልጅሽ ቀናሁ። እሱን ግን ክፉ አይንካው፤ ይህን አላህ ያውቃል።»

የዙበይዳ እጅ አንቀልባው ላይ ቀረ። ያኔ ሙንዚር የራሂማን ቀሚስ በሁለት እጁ ጨምድዶ ከግንቡ ጠርዝ ይንሸራተት ነበር። እግሩ መሬት ነካ። ጉልበቱን አጠነከረ።

ዙበይዳ ልትነጥቀው እጇን ሰደደች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«እንዳትነቃነቂ» አለች በሹክሹክታ።

ራሂማ እግሯን አራርቃ ቀጥ አለች። ልጁ ሲጎትታት ቀሚሷ ወገቧ ላይ ተወጠረ። ቅናቱ እዚያው ደረቷ ውስጥ ነበር፤ የትም አልሄደም። ከጀርባዋ ሳሊሃ ተወራጨች።

«እማ፣ እኔንም አውርጂኝ። እኔም ልቁም።»

«ቆይ፣ እናቴ» አለች ራሂማ። «ከተነቃነቅሁ ይወድቃል።»