ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

አባቷ ስህተት አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ነገሩ የተበላሸውም በዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን አንብቦ፣ «ደህና ነው» ብሎ፣ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን አርባ ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው። ልብወለድ ውስጥ ፀሐይ በማይሆን በኩል ከጠለቀች እርሳሱን ያነሳል። ለደራሲዎች ደብዳቤ ጽፎ ያውቃል። አንዳቸውም አልመለሱለትም፤ እሱም አልተወም።

የንባብ ማኅበሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ይሰበሰባል። ዘጠኝ ናቸው። የወሩን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሐሳቡን በቁራጭ ወረቀት ያለ ስም ጽፎ ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ይከታል። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ እያወጣች ታነባለች፤ ሌሎቹ የማን እንደሆነ ይገምታሉ። እጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ ወረቀቱን ከእሷ በቀር ማንም አያይም፤ አንብባ ስትጨርስ እዚያው ትቀደዋለች። ጸሐፊዋ የቀያሹ ልጅ ናት።

የዚህ ወር መጽሐፍ መንገደኛ ገጭቶ ስላመለጠ ሹፌር ነው። የመረጠችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ልብስ ሰፊዋ ማኅበሩን የተቀላቀለችው ባለፈው ዓመት ነበር፤ የመጡበትን ምክንያት ይንገሩን ሲሏት፣ «ወንድሜን መኪና ገጭቶ ከገደለው ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሌሊቱን በምን ልግፋው?» አለች። የገጨው አልተያዘም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም፤ ማንም አልጠየቃትም።

«ደራሲው ሹፌሩን ያቆላምጠዋል» ብላ ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበች። «እንቅልፍ አጣ፣ ከሳ፣ ጠቆረ እያለ ሊያሳዝነን ይፈልጋል። የሞተው ሰው ግን ሦስት ገጽ እንኳ አልደረሰውም።»

«የጥርስ ሐኪሙ ነው!» አለች አንዷ። «ለሰው ሥቃይ ግድ የሌለው እሱ ብቻ ነው።»

«እኔ? እኔማ ሳቆላምጥ ነው የምውለው፤ ‹ትንሽ ነው፣ አያምም› እያልኩ» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ሳቁ።

«ገጽ አርባ ላይ አቆምኩ። የተረፈኝ ዕድሜ ለዚህ አይበቃም» ይላል ሌላው ወረቀት።

«አልክድም፣ የእኔ ነው» አሉ ጡረተኛው መምህር። እኚህን ሰው ሁሉም «በአጭሩ» ነው የሚላቸው። «በአጭሩ ልናገር» ብለው ከጀመሩ ጀንበር ሳትጠልቅ አያበቁም።

ሰባተኛው ወረቀት የአባቷ ነበር። አልገለጠችውም ገና፤ አስተጣጠፉን ታውቀዋለች፤ ጠርዝ ለጠርዝ በጥፍር የተዳመጠ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። ደራሲው ተሳስቷል» ብላ ጀመረች።

ክፍሉ እስክትቀጥል አልጠበቀም። «ኧረ ይኼስ ግምትም አያሻው!» አሉ «በአጭሩ»። «ጋሼ ቀያሽ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ለኩ?»

አባቷ አልሳቀም። እሷ ፈገግ እንዳለች ቀጠለች። «የተገጨው ሰው ሁለት ጫማውን እንዳደረገ ወድቆ ተገኘ ይላል። እንዲህ አይሆንም። አንደኛው ጫማ ይወልቃል፤ ማሰሪያው ሳይፈታ።»

ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ነበር። የቀሩትን ሁለት መስመሮች ሳታነብ አየቻቸው፤ አየቻቸውና ክው አለች።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዝናቡ ወራት፣ አባቷ መኪናውን በአንድ ቀን ሸጠው። «ዓይኔ ደከመ» አላት። ያ ዓይን ዛሬም የካርታ ግርጌ ላይ ያለውን ደቃቅ ፊደል ያለ መነጽር ይለቅማል። ከዚያ ወዲህ የትም ቢሆን በእግሩ ነው የሚሄደው። እሷም «ደግ አደረግህ፣ ለጤናህ ነው» አለችው። በዚህ ክፍል ውስጥ ድምፁ የጠፋውስ መቼ ነው? ልብስ ሰፊዋ ከመጣች ወዲህ። እርጅና ነው ብላ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሱን እርሳስ አወጣው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተጫነችው። ቀና ብላ ልብስ ሰፊዋን ማየት ፈራች። አባቷን ማየት ደግሞ የባሰ ፈራች።

«በተረፈ» አለች፣ «ቋንቋው ደህና ነው።»

ልትቀደው ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንዲህ አይልም» አለ አባቷ።

«አባዬ...»

«ሁለት መስመር ዘለልሽ።»

ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። ድሮ ማባዛት ስትሳሳት እንዲህ ነበር የሚላት፤ ሳይቆጣ፣ ሳይራራ። አፉን በእጇ ልታፍንለት ፈለገች። ምን ነካው? ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር እኮ! አንዲት ቅጽበት ዝም ቢል ሁሉም ነገር በቅርጫት ውስጥ ያልቅ ነበር። ስህተት አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው የተናገረው? ወይስ ወረቀቱን ሲጽፍ ጀምሮ እንድታነበው ነበር የፈለገው? ይህኛው ሐሳብ ከፊተኛው ይልቅ አስፈራት።

«ጫማውን ከየት አወቁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እስካሁን አልሳቀችም ነበር። ሌሎቹ ይህን አሁን ነው ያስተዋሉት።

«ወንድሜን ሳገኘው ባንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ነበር። ሌላውን ጫማ ፖሊሶቹ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ማሰሪያው እንደታሰረ። ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ለእናቴም።»

«በአጭሩ» ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በአጭሩ፣ ጋሼ እኮ በየመንገድ ሥራው ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ስንቱን አደጋ አይተው...»

«አዎ!» አለች ጸሐፊዋ፤ የተወረወረላትን ገመድ በሁለት እጇ አፈፍ አደረገች። «ልጅ ሆኜ ይነግረኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ድልድዩ ጋ...»

«ሌላ አደጋ አላየሁም» አለ አባቷ።

ገመዱ ተበጠሰ። ልብስ ሰፊዋ ከእሱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አንብቢው» አለቻት።

እንቢ ማለት ትችል ነበር። ወረቀቱን አኝካ መዋጥም ትችል ነበር፤ ይህም ታስቧታል፤ በዚያች ሰዓት ሞኝነት አልመሰላትም። አባቷ ግን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። አነበበች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ሰውየውም ወዲያው አልሞተም። ሰዓት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትጨፍን ፊቷ ሳይታሰብ ልጅ መሰለ።

«ሰዓት አልነበረውም» አለች። «ዳቦ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ሳይነጋ ነው የሚገቡት። ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ ዘበኛውን፣ ጠራጊዋን፣ ሰካራሙን። ‹የሰው ሰዓት አስረጀህ› እለው ነበር።» ዓይኗን ገለጠች። «ምን አሉት?»

«አሥራ አንድ ከሃያ።»

«ከዚያስ?»

«አመሰገነኝ» አለ አባቷ። «ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።»

የጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገው። ጸሐፊዋ የተዘረጋ እጅ አየች። የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ጣቱ በመርፌ የተበሳሳ። ወረቀቱን ትጠይቃለች። ደንቡ መቅደድ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ሰጠቻት።

ልብስ ሰፊዋ ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ በመጽሐፉ ገጾች መሃል አስገባችው፣ መጽሐፉን ብብቷ ሥር አደረገች፣ ወጣች። አልጮኸችም። በሩን ክፍት ትታው ነው የሄደችው፤ በኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ቋ ቋ ሲል፣ ደረጃው ጋ ሲደርስ፣ ከዚያ ሲቆም ተሰማ። ቆማለች። አልወረደችም።

ሁሉም በሩን ያያል፤ ተነስቶ የሚዘጋው ግን የለም።

አባቷ ኮቱን ከወንበሩ ጀርባ አነሳ። አንዱን እጅጌ ስቶ ሁለተኛ ሞከረ። ልጁ ዘላ መንገዱን ዘጋችበት።

«አባዬ፣ ተቀመጥ። እባክህ። መጀመሪያ ጠበቃ እናማክር። ነገ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ...»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ነበር» አላት።

ክንዱን ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጅጌው ላይ አነሳቸው፤ ኮት ላይ የተጣበቀ ክር እንደሚለቅም ሰው፣ በጥንቃቄ።

«ጣሳው ውስጥ ሁለት ወረቀት ይቀራል» አለ። «ሰዎቹ ጽፈዋል፤ አንብቢላቸው።»

ወጣ። በሩንም ከኋላው ዘጋው።