ጊያልዜን ያልቀመሰው ጠላ

ባሌ ጊያልዜን እናቱ ቤት የሚሄድበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሸለቆውን ይዞ ቀስ እያለ የሚወጣ፣ እርጉዝ ፍየል እንኳ የማታማርርበት መንገድ ነው። ሁለተኛው በታሜ በኩል ዞሮ፣ ሬንጆ ላ የሚባለውን በረዷማ መተላለፊያ አቋርጦ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ጤነኛ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልገኝም። ጊያልዜን ሁለተኛውን መረጠ። የመረጠውም ኪሾርን ለመግደል ነው። ለመግደል ስል በአፌ ነው፤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ኪሾር ማለት ልጄ ኒምዲኪ ካላገባሁት ያለችው ሰው ነው። የቆላ ሰው ነው፤ ከጃናክፑር፣ ከዓሣ ኩሬና ከማንጎ አገር። እኛ ሰፈር ካትማንዱ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፣ እሷም እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ ይሸፍናል። መጀመሪያ ሳየው ይሄንንማ ነፋስ ይወስደዋል ብዬ ነበር። ልጄ ግን ወደደችው። ወደደችው፣ በቃ፣ ምን ይደረጋል።

በእኛ በሼርፓዎች ዘንድ ልጅ የምትጠየቀው በጠላ ነው። የወንዱ ወገን ጠላውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ለአባትየው ይቀዳል። አባት ከቀመሰ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቱ ተሰጠች። ካልቀመሰ ጠላህን ተሸክመህ ወደመጣህበት። ኪሾር ወጉን ሰው ጠይቆ ተረድቶ፣ ጠላውን በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቤታችን መጣ። ጊያልዜን ጀሪካኑን አየ፣ ልጁን አየ፣ እጁን አጣጠፈ።

«መጀመሪያ እናቴ ትቅመስ» አለ። «ራስህ ተሸክመህ ውሰድላት። በሬንጆ ላ በኩል። እዚያ ከደረስክ ልጄን ውሰድ። መንገድ ላይ ከቀረህ ግን ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሳ።»

ልጁ «እሺ ጋሼ» አለ። ቦታው የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። እኔ ቆሽቴ አረረ፤ በሰው ፊት ስለሆነ ግን አፌን ያዝኩ።

እንዲህ ሆነን ነው የወጣነው። እኔ፣ እሱ፣ ኒምዲኪና ኪሾር፣ ከዚያ ደግሞ ኦንግቹ። ኦንግቹ የጊያልዜን የጥንት ጓደኛ ነው። ጊያልዜን የውጭ ሰዎችን ተራራ ሲያስጎበኝ ኦንግቹ ወጥ ቤታቸው ነበር። ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ነው ይላል፤ የመጣው ግን የቆላው ሰው ሲወድቅ ለማየት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከአውሮፕላን ስንወርድ ጀምሮ፣ ሙሽራው የት ጋ ቁጭ እንደሚል መንገድ ላይ ካገኛቸው ዕቃ ተሸካሚዎች ጋር ሲወራረድ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ሆነ። መንገዱ መሀል ላይ የጸሎት ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ ረጅም ግንብ አለ። ይህን ግንብ ሁልጊዜ በቀኝ እጃችን በኩል አድርገን ነው የምናልፈው፣ በግራ በኩል አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። ኪሾር አላወቀም፣ አጎንብሶ እየሄደ በግራው አድርጎ አለፈው። ጊያልዜን ጮኸበት። ተሸካሚዎቹ፣ መንገደኛ ፈረንጆቹ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሁሉም ቆመው እያዩ፣ እስከ መጀመሪያው ድንጋይ መለሰውና እንደገና በትክክለኛው በኩል አስኬደው። ልጁ ጆሮው ቀላ። ተመልሶ ዞረ፣ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ግንብ ባየ ቁጥር ከሩቁ ጀምሮ ወደ ግራ ጠርዝ እየተጠጋ ግንቡን በቀኙ ያደርግ ነበር፤ አንጀቴን በላው።

ናምቼ የምትባለው የተራራ ከተማ ስንደርስ ደግሞ ዋናው ጉድ መጣ። ጊያልዜን ዕድሜውን ሙሉ ለፈረንጅ ሲናገር የኖረው አንድ ነገር ነው። ናምቼ ላይ ማረፍ አለባችሁ፣ ሰውነት ከፍታውን መልመድ አለበት፣ ራሱን የሚያመው ሰው አይወጣም፣ የባሰበት ይወርዳል። ይህን ያልሰማ ፈረንጅ የለም። አሁን ግን እናርፋለን ወይ ስለው ሳቀብኝ። እኛ ሼርፓ አይደለንም እንዴ፣ ዕረፍት ለእንግዳ ነው አለ። ኦንግቹ፣ እኛስ ሼርፓ ነን፣ ልጁስ ቢለው፣ ልጁ የፈለገውን ይሁን ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

እኔ የገባኝ ልጁን ለመስበር እንደቸኮለ ነው። ያልገባኝ ሌላ ነበር፤ የማንኛችንም ጭንቅላት ውስጥ አልገባም። ጊያልዜን ከተራራ ከወረደ ስንት ዓመቱ ነው። ካትማንዱ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የመኝታ ከረጢት ሲሸጥ፣ ሆዱ ጠረጴዛውን ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። እኛ ግን ሼርፓ ነው አልን፣ ደሙ ተራራ ነው አልን፣ ዓይናችንን ሁሉ የቆላው ልጅ ላይ ተከልን። ለከፍታው ይረዳል የሚባለው የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ለእሱ፣ ሙቅ ውኃ ለእሱ፣ እንዴት ነህ የሚባለው እሱ።

ወደ ታሜ ስንወጣ ጊያልዜን አፉ አላረፈም። በእኔ እጅ ሰው ሞቶ አያውቅም፣ የታመመውን ራሴ ነኝ የማወርደው፣ ለማንም አልሰጥም እያለ ኪሾርን ያስፈራራው ነበር። ኪሾር ከኋላው ጀሪካኑን አዝሎ ይከተላል። ከጀሪካኑ ውስጥ ጠላው ሲናጥ ይሰማል።

ከታሜ ስንነሳ ግን ባሌ ዝም አለ። ጊያልዜን ዝም ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ኮፍያውን አላወልቅም አለ። ቁርስ ላይ ሻዩ ውስጥ እንደ ልማዳችን ጨው ጨመረ፣ አማሰለ፣ ረሳውና እንደገና ጨመረ። የጫማው ክር ተፈቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ስነግረው የሰማ መሰለኝ፤ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ወደፊት ሄጄ ፊቱን አያለሁ፣ ወደኋላ ቀርቼ እግሩን አያለሁ። ኦንግቹ፣ ሴትዮ ምን ሆነሻል፣ ተቅበጠበጥሽ ይለኛል።

ከመተላለፊያው በፊት የመጨረሻዋ ማደሪያ ከሆነችው ከሉንግደን በታች፣ ጅረቱ አጠገብ፣ አንድ የጸሎት ግንብ አለ። ጊያልዜን ከፊት ነበር። ግንቡ ጋ ደረሰ። በግራው አድርጎ አለፈው።

እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ እያለ የለመደው ነገር ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ሰክሮ፣ ተኝቶ እንኳ የማይስተው። ወደኋላዬ ዞርኩ። ኪሾር ቆሟል። እሱም አይቷል። እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ፤ ግንቡን በቀኙ አድርጎ ዞሮ መጣ። ኒምዲኪና ኦንግቹ ገና ከታች ነበሩ።

ሉንግደን ማደሪያ ቤቱ ውስጥ ምድጃ ዳር እንደተቀመጥን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። ጊያልዜን፣ አሞሃል፣ እንውረድ አልኩት። ዓይኑ ቀልቶ አፈጠጠብኝ። «ስለ ተራራ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?» አለኝ። ከፈራሽ ከልጁ ጋር ውረጂ፣ እኔ ነገ እናቴ ቤት ነኝ አለ። ኦንግቹን ላክሁበት፤ ኦንግቹን ሰደበው። የኦንግቹ ሳቅ ያን ጊዜ ነው የጠፋው። ሁለታችን ውጭ ቆመን ምን እናድርግ ተባባልን። በግድ አስረን እንዳናወርደው እንደ ተራራው በሬ፣ እንደ ያክ ነው፣ ማን ይይዘዋል። የምኞቴን ልንገራችሁ፤ ያን ሰዓት ወንድ ሆኜ በጥፊ ባጠናገርኩት ብዬ ነበር።

ኪሾር በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰምቷል።

ጠዋት ሻንጣ ተሸክመን ልንወጣ ስንል ነው የወደቀው። ኪሾር ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ዓይኔ አይታየኝም፣ አልችልም አለ። «ጋሼ፣ አውርዱኝ» አለ። ድምፁ የልመና ነበር።

ኒምዲኪ አጠገቡ ተንበረከከች። መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ መተላለፊያው አየች፣ ከዚያ ተናደደች። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ መተላለፊያው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ዛሬ ብቻ ነበር እኮ» አለችው። «ዛሬን ብቻ መቻል አቃተህ? ለእኔ ብለህ?»

ኪሾር መሬት መሬቱን ያያል። ልጄ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ልቅሶዋ ውጭ ድረስ ይሰማኛል።

ጊያልዜን ልጁን ቁልቁል አየው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፣ ያሾፋል ብዬ ነበር። ግን ሰውዬው ምንም ይሁን ምን አስጎብኚ ነው። የታመመ ሰው አየ፣ ያኔ ሌላው ሁሉ ጠፋበት። «ተነስ፣ ያዘኝ» አለው። ለእኛ ደግሞ፣ እንወርዳለን፣ አንድም ሰው ወደ ላይ አይሄድም አለን። ኦንግቹ እጄን ጨበጠው። እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፤ እግሬ ብቻ ወደ ታች ሮጠ።

መውረጃው ላይ ነው የገባኝ። ጊያልዜን የኪሾርን ትከሻ ይዞ ይሄዳል፤ ደግፎት። ከኋላ ሆኜ ሳይ ግን የሚንገዳገደው ደጋፊው ነው። ልጁ ጀሪካኑን ከጀርባው ወደ ደረቱ አዙሮታል፣ ትከሻው ለሽማግሌው እንዲመች። ድንጋይ ሲኖር እሱ ቀድሞ ይረግጥና ይጠብቃል። ጊያልዜን ሲዘም ልጁም ወደዚያው ወገን ይዘማል። ከዚያ መሀል መሀል ላይ ታማሚ መሆኑ ትዝ ሲለው ያቃስታል፣ ሲያቃስት ደግሞ አይችልበትም፤ በዕቃ ዋጋ የሚከራከር ሰው ይመስላል።

ዕንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ልጄን አጠገቤ ጠርቼ በጣቴ አሳየኋት። አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሮጣ ልትደርስበት ስትል ክንዷን ይዤ፣ አሁን አይደለም፣ አባትሽ ይሰማል አልኳት። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨምድዳ ይዛኝ ወረደች።

ታሜ ስንደርስ ኦንግቹ ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ የድንች ቂጣ ጋገረ። ጊያልዜን ፊቱ ላይ ቀለም መለስ ብሏል፤ ኮፍያውን አውልቋል። ታማሚው ኪሾር ደግሞ የርኃብ ነገር ሆኖበት አንድ ቂጣ በላ፣ ሁለተኛ በላ፣ ሦስተኛውን በበርበሬ እያጠቀሰ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ ጊያልዜን እያየው መሆኑን ልብ አለና ጉርሻውን አቆመ።

«ተነስ» አለው ጊያልዜን።

የወለሉ ሳንቃ የሚገጣጠምበት ቀጥ ያለ መስመር አለ። ጊያልዜን ስንቱን ፈረንጅ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያስገጠመ አስኪዶታል፤ የከፍታ ሕመም ያለበት ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ኪሾር ተነሳ። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ በማስመሪያ እንደተሰመረ ሄደ።

«ጠዋትስ እንዲህ ትሄድ ነበር?»

ኪሾር መዋሸት እንደማይችል ቀድሞውንም አይቼበታለሁ። «እሄድ ነበር ጋሼ» አለ።

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

ኦንግቹ ቂጣ መገልበጫውን እንደያዘ ቀረ።

«እርስዎ ግንቡን በግራዎ አድርገው አለፉ» አለ ኪሾር።

ጊያልዜን ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ እኔን አየኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። ምንም አያስታውስም፤ ከፊቱ ገባኝ፣ ያስደነገጠውም አለማስታወሱ ነው። ተነሳ። መስመሩ ላይ ቆመ፣ አንድ እግሩን አስቀደመ፣ ሁለተኛውን አስገጠመ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘመመ። ኪሾር በክንዱ ያዘው። እንደያዘው ቀስ አድርጎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

ባሌ ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ «ጀሪካኑን አምጣው» አለ።

«ለእናትዎ ነው እኮ። አልደረስንም» አለ ልጁ።

«አምጣው አልኩህ።»

ኪሾር በሁለት እጁ ኩባያ ያዘና ቀዳ። ጠላው መንገዱን ሁሉ ሲናጥ መጥቶ አረፋው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኦንግቹ ጣልቃ ገባ። የታመመ ሰው መጠጥ አይቀምስም፣ ራስህ ያወጣኸው ሕግ ነው አለው። እኔም ልጨምርበት ነበር።

ጊያልዜን የቀለበት ጣቱን ጠላው ውስጥ ነክሮ ወደ ላይ ረጨ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እንደ ወጉ ለአማልክቱ።

«የታመመው ኪሾር ነው» አለና ተጎነጨ።

ኒምዲኪ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ጊያልዜን ፊቱን አጨማደደ፣ ዋጠ፣ አፉን በእጅጌው ጠረገ።

«ኮምጥጧል» አለ። ከዚያ ኩባያውን እንዲሞላለት ወደ ልጁ ዘረጋ።